ቅዳሜ ፖቶማክ ዳር፦ የቤተሰብ ዓሣ ማጥመጃ ቀን ዕቅድ

ሐሳብ አቅራቢው፦ ሰላም ለሁላችሁ። ባለፈው የማኅበራችን ስብሰባ «ለልጆቹ ከአዳራሽ የወጣ ነገር እናስብ» ስንባል አንድ ሐሳብ አለኝ ብዬ ነበር። በጽሑፍ አምጣው ተባልኩ፤ ይኸው። ልጆቻችንንም ወላጆቻችንንም ይዘን አንድ ቅዳሜ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ መካከል በሚፈሰው ፖቶማክ ወንዝ ዳር እንዋል። ባስ እናጥምድ።

ዓሣውን ለማታውቁት፣ ስሞልማውዝ ባስ ይባላል። መልኩ ነሐስ የመሰለ ነው፤ ጎኑ ላይ ጠቆር ያሉ ቁም መስመሮች አሉት፤ ዓይኑ ቀላ ይላል። በቁመቱ እንዳትንቁት፣ ጉልበቱ ሌላ ነው። ልጄ የዛሬ ሁለት ዓመት የመጀመሪያውን ሲያገኝ ሮዱ (የማጥመጃው ዘንግ) ጎብጦ ክሩ ከሪሉ (ከሚጠቀለልበት) ላይ እየጮኸ ሲወጣ፣ ዓሣው ደግሞ ከውሃው ዘሎ ራሱን ሲያራግፍ፣ «አባዬ፣ ያዘኝ!» አለኝ። እሱ መያዙን ትቶ እንደተያዘ ነበር የተሰማው።

ይህን የምጽፈው ግን ስለ ዓሣው ብቻ ብዬ አይደለም። ልጄ እቤት «ትምህርት እንዴት ነበር?» ስለው «ጥሩ» ብሎ ክፍሉ ይገባል። ወንዝ ዳር ጎን ለጎን ቆመን ሁለታችንም ውሃውን እያየን ግን ሳልጠይቀው ያወራኛል። ስለ ጓደኞቹ፣ ስለሚፈራው ነገር፣ ስለ አያቱ ይጠይቀኛል። በአማርኛ! «መንጠቆ»፣ «ትል»፣ «ክሩ ተወሳሰበ»፣ «ቀስ በል» እነዚህን ሁሉ እዚያ ነው የለመዳቸው። ይህ ለእኔ ብቻ ቢቀር ያሳዝነኛል።

ቀኑን ጁን 6 እንድናደርገው ነው የምጠይቀው። ሜሪላንድ የጁንን የመጀመሪያ ሁለት ቅዳሜዎችና ጁላይ 4ን ያለ ላይሰንስ (የማጥመድ ፈቃድ) የሚጠመድባቸው ቀናት አድርጋቸዋለች። በሌላው ጊዜ ከ16 ዓመት በታች ላሉ ልጆች ላይሰንስ አያስፈልግም፣ ለወላጆች ግን ያስፈልጋል። አንድ ቀን ሞክሮ ለማይደግመው ሰው ላይሰንስ ግዛ ማለት ይከብዳል። ቦታው ፖይንት ኦፍ ሮክስ ቢሆን ጥሩ ነው፤ ከሲልቨር ስፕሪንግ በመኪና አንድ ሰዓት ገደማ ነው።

ገንዘብ ያዥ፦ ወንድሜ ሐሳቡ ደስ ይላል። ካዝናችን ግን ዘንድሮ ለሁለት ለቅሶና ለአንድ ሕመም ወጪ አድርጓል፣ ታውቃለህ። ለሠላሳ ልጅ ሮድ እንግዛ ከተባለ እኔ አልፈርምም። ስንት ያስፈልጋል?

ሐሳብ አቅራቢው፦ ሠላሳ አያስፈልግም። አሥር ሮድ በቂ ነው፣ ሦስት ሦስት ልጅ እየተፈራረቀ። አራቱ ከእኔ ቤት ይመጣሉ። ውድም አያስፈልግም። ስድስት ጫማ ገደማ የሆነ ቀላል ስፒኒንግ ሮድ ከነሪሉ፣ ስድስት ወይም ስምንት ፓውንድ የሚችል ክር፣ ትናንሽ መንጠቆ፣ ጥቂት የጎማ ማባበያ፣ አንድ ሁለት እሽግ ትል። ማን ቤቱ ጋራዥ ውስጥ የተረሳ ሮድ አለው? ቅድሚያ እሱን እንሰብስብ፤ የጎደለውን ብቻ እንገዛለን።

አባል ከጌይተርስበርግ፦ እኔ የሁለት ልጆች እናት ነኝ፣ ሁለቱም ዋና አይችሉም። ይቅርታ አድርጉልኝና መጀመሪያ የማስበው ስለ ዓሣው አይደለም። በየዓመቱ ፖቶማክ ሰው ወሰደ ሲባል እንሰማለን። ይህን ሳትመልሱልኝ እሺ ማለት አልችልም።

ሐሳብ አቅራቢው፦ እህቴ፣ ልክ ነሽ። ይህን መጀመሪያ መጻፍ ነበረብኝ። በእኔ የደረሰውን ልንገርሽ። አንድ ቀን ሰማዩ ጥርት ያለ ነበር፣ ልጄን ይዤ እስከ ጉልበቴ ገብቼ ቆሜያለሁ። ቅድም ከውሃ በላይ የነበረች አንዲት ጠፍጣፋ ድንጋይ ነበረች፣ ሳንድዊቻችንን ያስቀመጥንባት። ዞር ስል ድንጋዩዋ የለችም። እኛ ጋ ጠብታ ሳይወርድ ላይ ተራራው ላይ ዘንቦ ኖሯል። ሸናንዶአ ወንዝ ሃርፐርስ ፌሪ ላይ ፖቶማክን ይቀላቀላል፣ ከዚያ ያለው ዝናብ ሁሉ ወደ ታች ይመጣል። ልጄን አቅፌ ስወጣ ድንጋዩ አንሸራቶኝ በአንድ ጉልበቴ ወደቅሁ። ምንም አልሆንሁም። ግን እጄ መኪና እስክንደርስ ይንቀጠቀጥ ነበር።

ስለዚህ ከዚያ ወዲህ የራሴ ሕግ አለኝ፣ ለማኅበሩም ይሁን እላለሁ። ማንም ውሃ ውስጥ አይገባም፤ ሁላችንም ከዳር ነን። ልጆች በሙሉ ከመኪና ከወረዱባት ደቂቃ ጀምሮ ላይፍ ጃኬት (ውሃ ላይ የሚያንሳፍፍ ሰደርያ) ይለብሳሉ። የሜሪላንድ ሕግ ከ13 ዓመት በታች ያሉ ልጆችን የሚያስገድደው በትንሽ ጀልባ ላይ ሲሆኑ ነው፣ እኛ ግን ዳርም ላይ እናድርገው። ፖይንት ኦፍ ሮክስ ላይ የወንዙን ከፍታ የሚለካ የመንግሥት መለኪያ አለ፤ በስልክ ይታያል። ከፍ ካለ ወይም ውሃው ቡና ከመሰለ እንሰርዛለን። ግሬት ፎልስ ፏፏቴ አካባቢ ደግሞ በጭራሽ አንሄድም። እዚያ ላዩ የተኛ የሚመስል ውሃ ከሥሩ ይጎትታል።

አባል ከጌይተርስበርግ፦ እንዲህ ከሆነ እመጣለሁ። አንድ ነገር ልጨምር፦ ወላጅ ልጁን አውርዶ የሚሄድበት ቀን እንዳይሆን። ለእያንዳንዱ ልጅ የራሱ ትልቅ ሰው ይኑረው፣ ስልክ የማያይ።

አባል ከአሌክሳንድሪያ፦ ሰላም። ለምን ጁላይ 4 አይሆንም? በዓል ነው፣ ሁሉም ሥራ የለውም። ደግሞ እኛ ጋ ከዉድሮው ዊልሰን ድልድይ በታች ላርጅማውዝ የሚባለው ባስ አለ፣ ከስሞልማውዝ ይተልቃል፣ ጀልባ ተከራይተን መሄድ እንችላለን። ሌላው ጥያቄ፣ እኔ ያለኝ የቨርጂኒያ ላይሰንስ ነው፣ ይሠራል?

ሐሳብ አቅራቢው፦ ከመጨረሻው ልጀምር። ወንዙ እስከ ቨርጂኒያ ዳር ድረስ የሜሪላንድ ነው፣ ግን ሁለቱ ስቴቶች በዋናው ወንዝ ላይ የአንዳቸውን ላይሰንስ ሌላው ይቀበላል፤ አታስብ። ስለ ጀልባው፣ ላርጅማውዝ እኔም እወዳለሁ። ጀልባ ላይ ግን አራት ሰው ይሄዳል፣ አያቶች ዳር ይቀራሉ፣ ሕፃናት ይቀራሉ። እኔ የምፈልገው ሁሉም አንድ ቦታ የሚውልበትን ነው። ጁላይ 4 ደግሞ ሙቀቱ ከባድ ነው፣ ማታ ርችት አለ፣ ብዙው ሰው ቀጠሮ አለው።

ጋሼ (ከሽማግሌዎች)፦ ልጆቼ፣ እኔም ልናገር። ሐዋሳ ነው ያደግሁት። እንጨት ቆርጠን፣ ክር አስረን፣ ትል ቆፍረን ቆሮሶ እናወጣ ነበር። ስናወጣ ደግሞ ለእናታችን ነው። አሞራ ገደል ብትሄዱ ዓሣው ከጀልባ ወርዶ እዚያው ይበለታል፣ እዚያው ይበላል። እናንተ ግን ይዛችሁ መልሳችሁ ትለቃላችሁ ሲባል ሰማሁ። እህል ነው እኮ። በእህል ይጫወታሉ?

ሐሳብ አቅራቢው፦ ጋሼ፣ ይህን ጥያቄ ልጄም ጠይቆኛል፣ በደንብ ልመልስልዎ። ከማርች 1 እስከ ጁን 15 ባስ ይዞ ወደ ቤት መውሰድ በሜሪላንድ የባሕሩ ውሃ ከፍና ዝቅ ማለት በማይደርስባቸው ወንዞች ክልክል ነው። ምክንያቱ እንቁላል የሚጥልበት ጊዜ ስለሆነ ነው። ሴቷ ጥላ ትሄዳለች፤ ወንዱ ነው ጠጠሩን በጭራው ጠርጎ ጎጆ የሚሠራው፣ ከዚያ እንቁላሉንም ጫጩቶቹንም የሚጠብቀው። ሳይርቅ፣ ሌላ ዓሣ እያባረረ። እሱን ወስደን ብንበላ በአንድ ጊዜ ሙሉ ጎጆ ነው የሚጠፋው። ስለዚህ ጎጆ ላይ ያለ ካየን እንተወዋለን፤ ሌላውን ደግሞ ይዘን ወዲያው እንመልሳለን።

ሌላም አለ፣ ጋሼ። ዘንድሮ ጰራቅሊጦስ ሜይ 31 ነው፣ የሐዋርያት ጾም በማግስቱ ይገባል። ጁን 6 ጾም ላይ ነን። ዓሣ ይበላል አይበላም የሚለው ክርክር በየቤቱ አለ፣ ወንዝ ዳር ባናነሳው ደስ ይለኛል። ምግቡ የጾም ይሁን፤ ሙስሊም አባሎቻችንም ፕሮቴስታንቶቹም አብረው ይበሉታል።

ለመብላት የሚሆን ዓሣ ከፈለጉ ደግሞ በበጋው ከታች ብሉ ካትፊሽ አለ፣ የእኛ አምባዛ ዘመድ ነው። መጤ ነው፣ ሌላውን ዓሣ እየጨረሰ ስለሆነ ስቴቱ ራሱ ያዙ ብሉ ይላል። ምን ያህል በወር መብላት እንደሚገባ የጤና ማሳሰቢያ አለው፤ በተለይ ለእርጉዞችና ለሕፃናት፣ አብረን አይተን እንሄዳለን። እኔ እወስድዎታለሁ።

ጋሼ፦ ጎጆውን አባት ነው የሚጠብቀው አልከኝ? ይህን ልጆቹ ይስሙት። እሺ ይመለስ። የካትፊሹን ቀጠሮ ግን አልረሳም።

የወጣቶች ተወካይ፦ ሰላም፣ እኔ 17 ዓመቴ ነው፣ አባቴ ነው ያስተማረኝ። ሁለት ነገር ልበል። አንደኛ፣ ትናንሾቹ ባስ እንደሚይዙ ቃል አንግባላቸው። ዳር ላይ በትል በብዛት የሚያዘው ሰንፊሽ ነው፣ እጅ የሚያህል፣ ቀለሙ በጣም የሚያምር። ለስድስት ዓመት ልጅ እሱ ይበቃል። ባሱን የሚሞክሩት ከአሥር ዓመት በላይ ያሉት ይሁኑ። ውሃው ከድንጋይ ጀርባ የሚሽከረከርበት ጸጥ ያለ ቦታ አለ፣ ባስ እዚያ ቆሞ ፈሰስ የሚያመጣለትን ይጠብቃል። ውሃው ወደሚመጣበት አቅጣጫ ወርውረው ማባበያውን ከፈሰሱ ጋር እንዲመጣ ይልቀቁት። ክሬይፊሽ (ሸርጣን የሚመስል የውሃ እንስሳ) ይወዳል፣ ስለዚህ ቡናማ የጎማ ማባበያ በድንጋዩ ላይ እየተንኳኳ ሲመጣ ጥሩ ነው።

ሁለተኛ፣ ባለ ሦስት ጫፍ መንጠቆ ማንም አያምጣ። ባለ አንዱንም ጥርሱን በፒንሳ እንጨፍልቀው። ዓሣውም ቶሎ ይለቀቃል፣ ልጅ ጣት ላይ ቢገባም ቀጥ ብሎ ይወጣል። ዓሣ ከመንካታችን በፊት እጃችንን ውሃ እናስነካ። በደረቅ እጅ ከያዝነው ላዩ ላይ ያለው የሚያሟልጭ ሽፋን ይነሳል፣ ከዚያ ይታመማል። የታችኛውን ከንፈር በአውራ ጣት ይዞ ፎቶ ማንሳት ይቻላል፣ ግን ቶሎ።

ጓደኞቼን አምጥቼ ማስተማር እንችላለን። ብቻ አንድ ልጅ ከሌላ ቤት አያት ጋር ቢቀመጥ ብዬ አስባለሁ። እኔ አያት የለኝም እዚህ። ጋሼ ስለ ሐዋሳ የጻፉትን ሳነብ ከአጠገባቸው ብቀመጥ ብዬ ተመኘሁ።

ጋሼ፦ ነይ የኔ ልጅ። ወንበር ሁለት ይዤ እመጣለሁ።

ገንዘብ ያዥ፦ ይህ የመጨረሻው ሐሳብ ሳይጻፍ እንዳይቀር። እኔ የሮዱን ገንዘብ ፈቅጃለሁ፣ ከ300 ዶላር እንዳያልፍ። አንድ ነገር ግን፦ ቦታው የብሔራዊ ፓርክ ነው፣ የቼሳፒክና ኦሃዮ ቦይ ፓርክ። በቡድን ስንሄድ ፈቃድ ሊጠየቅ ይችላል፣ ጸሐፊያችን አሁኑኑ ደውላ ታጣራ። ከሰል ማንደድ ይቻል እንደሆነም ትጠይቅልን። ካልተቻለ ቡናው በፔርሙዝ ይመጣል።

ጸሐፊ፦ ሰኞ እደውላለሁ። ሽንት ቤቱንና መኪና ማቆሚያውንም አንድ ሰው ሄዶ በዓይኑ ይይልኝ።

አባል ከአሌክሳንድሪያ፦ እኔ እሄዳለሁ እሑድ። ስለ ጀልባው ትቼዋለሁ፣ ምክንያቱ ገብቶኛል።

ሐሳብ አቅራቢው፦ እንግዲህ የተስማማንበትን በአንድ ላይ አድርጌ ለጉባኤው እንዲህ ላቅርብ፣ የሚስተካከል ካለ እስከ ሐሙስ ንገሩኝ።

«ማኅበራችን ቅዳሜ ጁን 6 ቀን 2026 በፖይንት ኦፍ ሮክስ የቤተሰብ ዓሣ ማጥመጃ ቀን እንዲያዘጋጅ እንጠይቃለን። በጠዋቱ 1 ሰዓት፣ በዚህ አገር አቆጣጠር 7 ሰዓት እንጀምራለን፤ ፀሐይ ሳይጠነክር 5 ሰዓት፣ በዚህ አገር 11 ሰዓት ላይ እንጨርሳለን። ሁሉም ከዳር ያጠምዳል፣ ውሃ ውስጥ የሚገባ የለም፤ ልጆች ላይፍ ጃኬት ይለብሳሉ፤ ለእያንዳንዱ ልጅ ኃላፊ የሆነ አንድ ትልቅ ሰው ይኖራል። የተያዘው ሁሉ ወዲያው ይለቀቃል። ወጣቶች ያስተምራሉ፤ እያንዳንዱ ልጅ ቢያንስ ለአንድ ሰዓት ከሌላ ቤተሰብ አያት ወይም አዛውንት ጋር ይቀመጣል። ምግቡ የጾም ነው፣ መጠጥ አይኖርም። ማኅበሩ ከ300 ዶላር ያልበለጠ ለሮድና ለላይፍ ጃኬት ያወጣል፤ ዕቃው የማኅበሩ ሆኖ ይቀመጣል፣ አባላት እየተዋሱ ይወስዳሉ። ወንዙ ከሞላ ወደ ጁን 13 ይዛወራል።»

አባል ከጌይተርስበርግ፦ «ወንዙ ከሞላ» የሚለውን ማን ይወስናል? ስም ይጠቀስ። ጠዋት ላይ ሰው ሁሉ መኪናው ውስጥ ገብቶ ክርክር እንዳይጀመር።

ሐሳብ አቅራቢው፦ አንቺና እኔ እንሁን። ዓርብ ማታ 2 ሰዓት ላይ መለኪያውን አብረን እናያለን። ከሁለታችን አንዳችን ከጠረጠርን ይቀራል፣ ክርክር የለም። ይህንኑ እጨምርበታለሁ።

አባል ከጌይተርስበርግ፦ ተስማምቻለሁ። የእኔን ሁለቱን ጻፉልኝ። አንዷ ትል አልነካም ብላለች፣ የጎማውን ስጧት።

አባል ከአሌክሳንድሪያ (እሑድ ማታ)፦ ሄጄ አየሁ። ወደ ወንዙ ስትወርዱ ቦዩን የምትሻገሩበት ድልድይ አንድ መኪና ብቻ ነው የሚያሳልፈው፣ ቀስ በሉ። ባቡር በቅርብ ያልፋል፣ ልጆቹን ወደዚያ እንዳታስጠጉ። ከጀልባ መውረጃው አጠገብ ያለው ዳር ለአያቶች ወንበር ይሆናል፣ ጥላ አለው። ከእሱ ወደ ላይ ሲኬድ ግን ጭቃው ያንሸራትታል፣ ገመድ አስረን እንዝጋው። አንድ ሰውዬ ከልጁ ጋር ሲያጠምድ አገኘሁ፤ ልጁ ሰንፊሽ ይዞ እየሮጠ መጥቶ አሳየኝ፣ ሆዱ ብርቱካንማ ነበር፣ ከዚያ ራሱ መልሶ ለቀቀው። ከቤቴ ሦስት ሮድ አገኘሁ፣ አንዱ ሪሉ ተሰብሯል። ሁለት ቁጠሩልኝ።

ገንዘብ ያዥ፦ አራትና ሁለት ስድስት። አራት ሮድ ነው የምንገዛው። የተረፈው ለላይፍ ጃኬት ይሁን። የልጆቻችሁን ክብደት በፓውንድ እስከ ሐሙስ ላኩልኝ፣ ላይፍ ጃኬት በዕድሜ ሳይሆን በክብደት ነው የሚገዛው።