«የኢማን ጉድለት በክኒን አይሞላም» ማለት ምን ማለት ነው?

ኡሙ ሃኒ፦ ትናንት ከተራዊሕ (ከረመዳን የሌሊት ሶላት) በኋላ የተለቀቀውን ደርስ (የሃይማኖት ትምህርት) ሰማችሁት? ጠያቂው ሐኪም ያዘዘለትን የድባቴ መድኃኒት በጾም እንዴት ልውሰድ ነው ያለው። ኡስታዙ «የኢማን ጉድለት በክኒን አይሞላም» ብሎ አለፈው። ስንቱ ይሆን ዛሬ ክኒኑን የሚደፋው?

አቡ ሙዓዝ፦ ኡስታዝ ከመዝለፍሽ በፊት ቁርኣን ላይ ሱረቱል ራዕድ 28ን ቅሪ። ልቦች የሚረኩት አላህን በማውሳት ነው። ውሸት አለው?

የደሴው፦ አያው ሐቅ ነው፤ «መድኃኒት ጣሉ» ግን አይልም። ገጠሬዎቹ «እንታከም ወይ?» ሲሏቸው ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) «ታከሙ» ነው ያሏቸው፤ ሐዲስ ሰብሳቢው ቲርሚዚ ዘግቦታል። ደግሞስ ያዕቁብ (ዐ.ሰ) ከሐዘን የተነሳ ዓይናቸው እስኪነጣ ሲደርስ ኢማናቸው ጎድሎ ነበር?

አቡ ሙዓዝ፦ ያዕቁብ ክኒን አልዋጡም።

የደሴው፦ መነጽርም አላደረጉም። አንተ ታደርጋለህ።

መድኃኒት ቤት፦ ለጠያቂው መልስ የሰጠው የለምና እኔ ልበል። የድባቴ መድኃኒቱ ፍሉኦክሰቲን ከሆነ 20 ሚሊግራም በቀን አንዴ ስለሆነ ሱሁር ላይ (ከጎህ በፊት ሲበላ) መዋጥ ይቻላል፤ ጾሙን አይነካም። ሌላው የድባቴ መድኃኒት አሚትሪፕቲሊን እንቅልፍ ያመጣል። ከተራዊሕ ተመልሶ እኩለ ሌሊት ላይ የዋጠው ሰው ሱሁርም ሱብሒም (የንጋት ሶላትም) ያመልጠዋል፣ ከኢፍጣር ብዙ ሳይቆይ ይውሰደው። አፍ ያደርቃል፣ ሆድ ያደርቃል፣ ከሱጁድ ቀና ሲሉ ያዞራል። ስለዚህ በሌሊት ውኃ ማብዛት፣ ቀስ ብሎ መነሳት። ሊትየም የተባለውን የስሜት መዋዠቅ መድኃኒት የሚወስድ ግን ሐኪሙን ሳያማክር አይጹም። ሰውነት ውኃ ሲያጣ መድኃኒቱ ደም ውስጥ ይከማችና ይመርዛል። ለሕመምተኛ ያለመጾም ሩኽሳው (ፈቃዱ) ቁርኣን ላይ በቀራ 185 ተቀምጧል።

ሰሚራ፦ የፍሉኦክሰቲን እንክብል ሽፋኑ ጌላቲን (ከእንስሳት ቆዳና አጥንት የሚሠራ) ነው። የአሳማ ቢሆንስ?

መድኃኒት ቤት፦ የከብትም የአሳማም ሊሆን ይችላል፣ እንደ አምራቹ ነው። ልብሽ ካልተቀበለው ሰርትራሊን የሚባል የድባቴ መድኃኒት እንክብል ባልሆነ ክኒን መልክ አለ፤ ሐኪሙ ይቀይርልሽ። በራስሽ ግን አታቋርጪ።

አቡ ሙዓዝ፦ አያችሁ? «አታቋርጪ»! ሱስ ነው ማለት ነው።

መድኃኒት ቤት፦ ሱስ የሚያስይዘው ማረጋጊያው ዳያዜፓም ነው፤ ከሱ ጋር እየቀላቀላችሁ ነው ሰው የምታስፈራሩት። የድባቴ መድኃኒት በድንገት ሲቆም ማዞርና መነጫነጭ ያመጣል፣ ስለዚህ ቀስ እያለ ይቀነሳል። የመጀመሪያው ሳምንት ማቅለሽለሽ አለ፣ ለውጡ የሚታየው ከ2 እስከ 4 ሳምንት ነው። ብዙ ሰው በ10ኛው ቀን «ባሰብኝ» ብሎ የሚጥለው ለዚህ ነው። ከተሻለውም በኋላ ቢያንስ 6 ወር ይቀጥላል። ወጣት ከሆነ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ቤተሰብ አይኑን አይንቀልበት፣ ራስን የማጥፋት ሐሳብ ሊበረታ ይችላል። አሚትሪፕቲሊን ከሆነ ደግሞ ክኒኑ በቤተሰብ እጅ ይቀመጥ፤ ብዙ ከተዋጠ ልብ ያቆማል።

ኡሙ ሃኒ፦ ጀዛከላህ ኸይር። ኡስታዙ ይህን ቢል ምን ነበረበት?

አቡ ሙዓዝ፦ ሩቅያስ (ቁርኣን እየቀሩ ማከምስ)? ተልቢናስ? በቡኻሪ የሐዲስ ስብስብ ላይ ያለውን ሱና ትታችሁ ፋብሪካ ታመልካላችሁ።

የደሴው፦ ተልቢና እኮ የገብስ አጥሚት ነው፣ ማን ከለከለህ? አጥሚቱንም ጠጣ፣ ሩቅያውንም ቅራ፣ ክኒኑንም ዋጥ። ሙስሊሙ ሊቅ አቡ ዘይድ አል-በልኺ ከ1,000 ዓመት በፊት ምክንያቱ የሚታወቅ ሐዘንና የማይታወቅ ሐዘን ብሎ ለይቶ፣ ሁለተኛውን የአካል ጉዳይ ነው፣ በአካል ሕክምና ይታከም ብሏል። እሱም ኢማኑ ጎድሎ ነው?

ሰሚራ፦ እዚሁ ላይ ስለ ጫቱም በሉ እንጂ። ከዙሁር እስከ መግሪብ ቅሞ ሌሊት እንቅልፍ አጥቶ ሲያድር «ጂን ነው» የሚለው ሞልቷል።

የደሴው፦ ኧረ ጫቱን ተዪው፣ አሁን ወሎ ሊነሳ ነው።

ሰሚራ፦ ወሎን ማን ጠራው? ራስህ አነሳኸው።

አቡ ሙዓዝ፦ ከርዕሱ አትውጡ። ኡስታዙ መድኃኒት ሐራም ነው አላለም። ደርሱን ሙሉውን ስሙ።

ኡሙ ሃኒ፦ ሙሉውን ሰምቻለሁ። «አይሞላም» ሦስቴ ነው ያለው።

አቡ ሙዓዝ፦ ሁለቴ ነው።