የሞኒተር ፓወር ሰፕላይ ሲበላሽ የትኛው ጥገና፣ የትኛው ዕቃ ይሻላል?

ጠፍጣፋ ሞኒተሩ አልበራ ያለው ሰው ብዙውን ጊዜ የሚያማርጠው በሦስት ነገሮች መካከል ነው፤ ለጠጋኝ መስጠት፣ ሙሉውን የፓወር ሰፕላይ ቦርድ መቀየር፣ ወይም ሞኒተሩን ጥሎ ሌላ መግዛት። ፓኔሉ እስካልተሰነጠቀ ድረስ እኔ የማስቀድመው አነስ ያለውን ሥራ ነው፤ ይኸውም በቦርዱ ላይ ያረጁትን ኤሌክትሮላይቲክ ካፓሲተሮች (ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅሙትን ትናንሽ ጣሳ መሰል ዕቃዎች) ብቻ ነቅሎ በደህና ዓይነት መተካት ነው። ራሳችሁ ብትሠሩትም ባለሙያ ቢሠራላችሁም የጥገናውን ዕድሜ የሚወስነው የገባው ካፓሲተር ስለሆነ፣ በዚህ ጥቆማ ብዙውን ቦታ የምሰጠው ለእሱ ነው።

ዕቃ ከመግዛታችሁ በፊት ግን ጉዳቱ በእርግጥ ፓወር ሰፕላዩ ላይ መሆኑን አረጋግጡ። ሞኒተሩ ኃይል የሚያገኘው ከውጭ አዳፕተር ከሆነ መጀመሪያ መፈተሽ ያለበት አዳፕተሩ ነው፤ ምትክ ሲገዛም በላዩ የተጻፈው ቮልቴጅ በትክክል እኩል፣ አምፔሩ እኩል ወይም የበለጠ፣ የጫፉ የፖዘቲቭና የኔጌቲቭ አቀማመጥም ተመሳሳይ መሆን አለበት። 14 ቮልት ለሚጠይቅ ሞኒተር ጫፉ ስለገባ ብቻ የላፕቶፕ 19 ቮልት አዳፕተር መሰካት፣ ደህና የነበረውን ዋና ቦርድ ሊያቃጥል ይችላል። ፓወር ሰፕላዩ ውስጡ በሆነ ሞኒተር ላይ ደግሞ የካፓሲተር ድካም ምልክቱ የታወቀ ነው፤ የማብሪያው መብራት ብልጭ ድርግም ይላል፣ ወይም ሞኒተሩ ቀዝቅዞ ሲቆይ ለመነሳት ረጅም ጊዜ ይወስድና ከሞቀ በኋላ ደህና ይሠራል፤ መዘግየቱም ቀስ በቀስ እየረዘመ ይሄድና አንድ ቀን ጨርሶ እምቢ ይላል። ምስሉ ለሁለት ሴኮንድ ያህል ታይቶ የሚጠፋ ከሆነ ክፍሉን አጨልማችሁ የእጅ ባትሪ ከጎን በኩል ወደ ስክሪኑ አብሩ፤ ደብዛዛ ምስል ከታያችሁ ዋናው ቦርድና ፓኔሉ እየሠሩ ናቸው፣ የጠፋው የኋላ መብራቱ ነው። በፍሎረሰንት ቱቦ በሚሠሩት የቀድሞ ሞኒተሮች ይህ ምልክት ከካፓሲተርም፣ ከደከመ ቱቦም፣ ለቱቦው ከፍተኛ ቮልቴጅ ከሚሰጠው ኢንቨርተርም ሊመጣ ስለሚችል፣ ሳይከፍተው «ካፓሲተር ብቻ ነው» ብሎ ቃል የሚገባ ጠጋኝ ቸኩሏል።

የደከመ ካፓሲተር ብዙ ጊዜ በዓይን ይለያል። በጣሳው አናት ላይ የመስቀል ቅርጽ ያለው ስስ ጭረት አለ፤ ውስጡ ጋዝ ሲጠራቀም የሚከፈተው በዚያ በኩል ነው። ጠፍጣፋ መሆን የሚገባው አናት ካበጠ፣ በጭረቱ ላይ ቡናማ ቅርፊት ከታየ፣ ወይም ከሥሩ ያለው ጎማ ወደ ውጭ ተገፍቶ ጣሳው ካጋደለ ሥራውን ጨርሷል ማለት ነው። አምራቾች ዕቃውን ከቦርዱ ጋር የሚያጣብቁበት ማስቲሽ ሲያረጅ ቡናማ ስለሚሆን፣ እሱን አይቶ ካፓሲተሩ ፈሰሰ ብሎ የሚደመድም ሰው ብዙ ነው። በተቃራኒው ሲያዩት ጤነኛ የሚመስል፣ አቅሙም በመልቲሜትር ሲለካ ትክክል የሆነ ካፓሲተር የውስጥ ሬዚስታንሱ ከፍ ብሎ ሊገኝ ይችላል። ይህን የውስጥ ሬዚስታንስ የሚለካ የኢኤስአር መለኪያ ያለው ጠጋኝ ከሌለው የሚመረጠውም ለዚህ ነው። ቦርዱ አንዴ ከተከፈተ በውጤት (አውትፑት) በኩል ያሉትን ካፓሲተሮች ሁሉ አብሮ መቀየር ይሻላል፤ በአንድ ሙቀት አብረው ያረጁ ናቸውና ዛሬ የተረፈው ብዙ አይቆይም።

ለምትኩ የማምናቸው አራቱ የጃፓን ስሞች ፓናሶኒክ፣ ሩቢኮን፣ ኒቺኮንና ኒፖን ኬሚኮን ናቸው። ስሙ ብቻ ግን አይበቃም፤ ከየአምራቹ ለዚህ ሥራ የሚሆነው ዝቅተኛ የውስጥ ሬዚስታንስ ያለውና 105 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የሚችል ተከታታይ (ሲሪስ) ነው፤ ለምሳሌ ከፓናሶኒክ ኤፍአር ወይም ኤፍኤም፣ ከሩቢኮን ዜድኤልኤች፣ ከኒቺኮን ኤችኢ፣ ከኬሚኮን ኬዋይ። ሙቀቱ በ10 ዲግሪ ሲቀንስ የካፓሲተር ዕድሜ በግምት እጥፍ ስለሚሆን ልዩነቱን ማስላት ቀላል ነው። በ85 ዲግሪ 2,000 ሰዓት የተባለለት ካፓሲተር 65 ዲግሪ በሚደርስ ሞኒተር ውስጥ 8,000 ሰዓት ያህል ይሰጣል፤ በቀን 8 ሰዓት ለሚሠራ ሞኒተር ሦስት ዓመት አይሞላም። በ105 ዲግሪ 2,000 ሰዓት የተባለለት ግን በዚያው ቦታ 32,000 ሰዓት ገደማ፣ ማለትም ከአሥር ዓመት በላይ ይሄዳል። አቅሙን ከነበረው ጋር እኩል አድርጉ፤ ቮልቴጁ ከፍ ቢል አይጎዳም፣ 16 ቮልት በነበረበት 25 ቮልት ይገባል፤ ነገር ግን የሞኒተር ጀርባ ጠባብ ስለሆነ ቁመቱንና ውፍረቱን ለክታችሁ ግዙ። ስም አልባ ካፓሲተሮች በሳጥን ተደርድረው የሚሸጡበትን ስብስብ ለልምምድ ካልሆነ አልመክርም፤ ከአሮጌ ቦርድ የተነቀለ ደግሞ ጥሩ ስም ቢኖረውም ዕድሜውን ሌላ ቦታ በልቷል።

ሙሉ ቦርድ መቀየር የሚያዋጣው ቦርዱ ተቃጥሎ መዳብ መስመሩ ከተላጠ ወይም ትራንስፎርመሩ ከተበላሸ ነው። ያን ጊዜ ፍለጋው በሞኒተሩ ሞዴል ሳይሆን በራሱ በቦርዱ ላይ በታተመው ቁጥር መሆን አለበት፤ በሳምሰንግ ሞኒተሮች ይህ ቁጥር ብዙ ጊዜ በ«ቢኤን44» ይጀምራል። አንድ ሞዴል በተለያየ ጊዜ የተለያየ ቦርድ ሊገባለት ይችላልና። ያገለገለ ቦርድ ከሆነ ካፓሲተሮቹ እንደ እናንተው ቦርድ ያረጁ ስለሚሆኑ፣ ተገዝቶም እነሱን መቀየር ሊያስፈልግ ነው። ለሁሉም ይሆናል ተብሎ የሚሸጠውን ሁለገብ ሞጁል ለመጨረሻ አማራጭ ብቻ አስቀምጡት።

ጠጋኝ ስትመርጡ ሁለት ነገር ጠይቁ፤ የሚያስገባውን ካፓሲተር አምራችና ተከታታይ እንዲነግራችሁ፣ የተነቀሉትንም እንዲመልስላችሁ። «ፓወሩ ሞቷል» ከሚለው ይልቅ «የ5 ቮልቱ መስመር ወደ 3 ወርዷል» የሚል ሰው ለክቶ ስለሆነ የሚናገረው፣ ቢያስከፍልም እሱን እመርጣለሁ።

ራሳችሁ ለመሥራት ካሰባችሁ ገመዱን መንቀል ብቻውን እንደማይበቃ እወቁ። በመግቢያው በኩል ያለው ትልቁ ካፓሲተር በ230 ቮልት መስመር ላይ 325 ቮልት ገደማ ይይዛል፤ ከተነቀለ በኋላም ሊያቆየው ይችላል። በካቻቢቴ ሾርት ከማድረግ ይልቅ 2.2 ኪሎ ኦም የሆነና 5 ዋት ወይም ከዚያ በላይ የሚችል ሬዚስተር፣ እግሮቹ በደንብ ተሸፍነው፣ ለጥቂት ሴኮንዶች አገናኙበትና ወደ ዜሮ መውረዱን በመልቲሜትር አረጋግጡ። አዲሱን ስታስገቡ በጎኑ ያለው ሰንበር ኔጌቲቩን እንደሚያመለክት አትርሱ፤ ተገልብጦ የገባ ይፈነዳል። ፊውዙ ተቃጥሎ ካገኛችሁት ደግሞ ጉዳዩ ከካፓሲተር ያለፈ ሊሆን ይችላል፤ ብዙ ጊዜ ኤሲውን ወደ ዲሲ የሚቀይረው ዳዮድ ድልድይ ወይም እንደ ማብሪያ ማጥፊያ የሚሠራው ትራንዚስተር (ሞስፌቱ) ሾርት ሆኗል፤ በትልቅ አምፔር ፊውዝ መተካት እሳት መጋበዝ ነው። ከእንዲህ ያለ ጥገና በኋላ የመጀመሪያውን ሙከራ 60 ዋት ባለ ክር አምፖል በመግቢያው መስመር ላይ በሲሪስ አስገብታችሁ አድርጉት፤ አምፖሉ አንዴ ቦግ ብሎ ከደበዘዘ ቦርዱን በቀጥታ መሰካት ይቻላል፣ ቦግ እንዳለ ከቆየ ግን ሾርቱ አሁንም አለና ነቅላችሁ እንደገና መለካት አለባችሁ።