ሻባት ለምንጠብቅ ባልና ሚስት አጭር የደሴት ሽርሽር፦ ዛንዚባር ይሆነናል?

ብርቱካን (ነታንያ) ጠየቀች፦

ሻሎም ወገኖቼ። በጥር ከባለቤቴ ጋር ከተጋባን 10 ዓመት ይሞላናል። እናቴ ልጆቹን አምስት ስድስት ቀን እይዛለሁ ብላለች። ሐሳቧን ሳትቀይር ቶሎ መወሰን አለብን። ያማረን ሞቃት ደሴት ነው። ነጭ አሸዋ፣ ባሕር፣ ጸጥታ።

ግን እኛ ሻባት (የቅዳሜ ሰንበት) እንጠብቃለን፤ ኮሸር (በአይሁድ ሕግ የተፈቀደ) ካልሆነም አንበላም። ባለቤቴ ማልዲቭስ ይላል። እኔ ዛንዚባር ነው የምለው፤ በአዲስ አበባ በኩል ቅርብ ነው ሲሉ ሰምቻለሁ። እዚያ ምን እንበላለን? በሻባት ኤሌክትሪክ አንነካም፤ የሆቴሉ በር በካርድ የሚከፈት ከሆነ እንዴት እናልፋለን? ወንድና ሴት ተደባልቆ በሚዋኝበት ባሕር ዳር እኔ ምን ለብሼ ልቀመጥ? ሌላም አለ። ይቅርታ አድርጉልኝና ጉዳዩ የሴት ነው፤ የሚቅቬ (ለመንጻት ውኃ የምጠልቅበት) ሌሊቴ ጉዞው መሀል ሊውል ይችላል። የሄዳችሁ ካላችሁ እባካችሁ ንገሩኝ።

ሰሎሞን (አሽዶድ)፦

ማልዲቭስን እርሱት። በኤፕሪል 2025 የእስራኤል ፓስፖርት የያዘ ሰው እንዳይገባ በሕግ ከልክለዋል። ይሄን ለባለቤትሽ አሳዪውና ክርክሩ ያልቃል።

ልፋት ካልፈለጋችሁ ታይላንድ ነው። ኮ ሳሙይም ፉኬትም ቤት ሐባድ (መንገደኛ የሚቀበል የአይሁድ ማኅበር ቤት) አለ። ኮሸር ምግብ ቁጭ ብላችሁ ትበላላችሁ፤ ሻባት ማታ ከብዙ እስራኤላዊ ጋር ማዕድ ትቀርባላችሁ። እኛ ሳሙይ ስንሄድ ድስት እንኳ አልነካንም። ጉዳቱ መንገዱ ነው። ለሳሙይ ባንኮክ ደርሳችሁ ደግሞ ሌላ አውሮፕላን ትይዛላችሁ። አምስት ቀን ብቻ ላለው ሰው ግማሹ በመንገድ ያልቃል። ጸጥታ ከሆነ የፈለግሽው ደግሞ፣ ሳሙይ ላይ የጎረቤትሽን ልጅ ከነጓደኞቹ ታገኚዋለሽ።

ታደለች (ቤር ሸቫ)፦

ብርቱካን እህቴ፣ እኔና ባለቤቴ ዛንዚባር ሄደናል። ከቴል አቪቭ አዲስ አበባ ወደ 4 ሰዓት፣ ከአዲስ አበባ ዛንዚባር 3 ሰዓት ገደማ ነው። ለእኛ ሌላም ጥቅም አለው፤ ቦሌ ላይ በአማርኛ ትግባቢያለሽ።

ምግቡን ልንገርሽ። ኮሸር ምግብ ቤት ፍለጋ አትዘዋወሪ። ስንቅ ያዢ። ከመሄዴ በፊት ጓደኞቼ የሻባት ቆርቆሮ ቱናና የደረቀ ኑድል በሻንጣ ሙሉ ግዢ አሉኝ። እናቴ ስቃብኝ «ሰው መንገድ ሲሄድ ምን ይዞ ነው የሚሄደው?» አለችና ድርቆሽ፣ ሽሮ፣ በርበሬ፣ ቆሎና ዳቦ ቆሎ አዘጋጀችልኝ። እውነቷን ነው። የአባቶቻችን ስንቅ ለዚህ የተሠራ ይመስላል። ፍሪጅ አይፈልግም፣ ሥጋ የለበትም፣ ከቤትሽ የወጣ ስለሆነ የኮሸር ማኅተም ፍለጋ ዓይንሽን አያደክምም። አንድ ድስት፣ አንድ ቢላ፣ አንድ ማማሰያ ከቤት ያዢ። ሽሮውን እዚያ ትሠሪያለሽ፤ ድርቆሹን ትፈተፍቺበታለሽ፤ አለቀ።

ማብሰያ ያለው ትንሽ ቤት ተከራዪ እንጂ ትልቅ ሆቴል አትግቢ። እኛ ባረፍንበት ቤት ከሰል ምድጃ ነበር። «ጂኮ» ይሉታል፤ ሲታይ የእናቶቻችን ምድጃ ነው። አዲስ ከሰል አስመጥተን፣ ፍርግርጉን በወፍራም ፎይል ድርብ አድርገን ሸፍነን ዓሣ ጠበስን። ዓሣውን ስቶን ታውን (አሮጌው ከተማ) ውስጥ ዳራጃኒ ገበያ ገዛነው፤ ሙሉውን፣ ቅርፊቱና ክንፉ እንዳለ። የተቆረጠ አትግዢ፤ ቅርፊቱን በዓይንሽ ካላየሽ ምን እንደሆነ በምን ታውቂያለሽ? ኦክቶፐስና ሎብስተር በየጥጉ ይጠበሳል፤ ሽታው ይጠራሻል፤ እለፊው። እሳቱን ራሳችሁ ለኩሱ፣ ድስቱንም ራሳችሁ ጣዱ፤ ቤቱን የሚጠብቀው ልጅ ቅን ስለሆነ ሊያግዛችሁ ይሮጣል፤ በፈገግታ መልሱት። «ሥጋው ሐላል ነው፣ ያው ነው» የሚላችሁም አይጠፋም። ያው አይደለም።

ፍራፍሬው ግን! ማንጎ፣ አናናስ፣ ፓፓያ፣ አቮካዶ፣ ለጋ ኮኮናት። ጥር ላይ ማንጎ በብዛት አለ። በራስሽ ቢላ ቁረጪና ብዪ። እኔ ቁርሴ ሁልጊዜ እሱ ነበር። ቅርንፉድ፣ ቀረፋና ሄሉም ሳይፈጭ ግዢ፤ ለሻይሽ ይሆናል።

አንድ ነገር ስሚኝ፦ ስንቅሽን በፌስታል አትቋጥሪ። ታንዛኒያ ከ2019 ጀምሮ የፕላስቲክ ከረጢት ከልክላለች፤ ሲገቡ ይወስዱብሻል። የጨርቅ ከረጢትና ክዳን ያለው ቆርቆሮ ይሻላል። ባለቤቴ «አገልግል ይዘን እንግባ» ብሎ ሲቀልድ ነበር፤ ቀልድ አልነበረም።

ዳንኤል (ረሆቮት)፦

ታደለች ጥሩ ብላለች፤ ግን እኔ ሻባትን እዚያ ለምን ታደርጋላችሁ ባይ ነኝ። ሽርሽሩ አጭር ከሆነ እሑድ ሄዳችሁ ሐሙስ ተመለሱ። በር፣ መብራት፣ ኪዱሽ (የሻባት የወይን ቡራኬ)፣ ምኑም ችግር የለም። ሻባትን ቤታችሁ።

መመለሻውን ግን ሐሙስ ማታ አታድርጉት። እኛ «ሐሙስ ማታ ተነሥተን አርብ ጠዋት ቤት እንገባለን» ብለን ነበር። የመጀመሪያው በረራ ዘገየ፤ ተከታዩ አመለጠን። አርብ ከሰዓት በኋላ አዲስ አበባ ላይ ቀረን። ሌላ አውሮፕላን አለ ተባልን፤ የሚደርሰው ግን ሻባት ከገባ በኋላ ነው። ሆቴል ገብተን ሻባትን በሁለት ዳቦ፣ በአንድ ቆርቆሮ ቱናና በሙዝ አሳለፍን። ሚስቴ እስከ ሀቭዳላ (የሻባት መውጫ ጸሎት) አላናገረችኝም። ትኬቱን የቆረጥሁት እኔ ነበርኋ። ስለዚህ ረቡዕ ማታ፣ ቢዘገይ ሐሙስ ጠዋት ተነሡ። ኤል አል ሻባት ስለማይበር ሰው ሁሉም አየር መንገድ እንደሱ ይመስለዋል።

የአውሮፕላን ኮሸር ምግብም ቢሆን ለእያንዳንዱ በረራ ለየብቻ መታዘዙን በስልክ አረጋግጡ። ወደ አዲስ አበባ ሲሰጣችሁ፣ ከዚያ ወደ ዛንዚባር «አልተጫነም» ልትባሉ ትችላላችሁ። ስንቁ እጃችሁ ላይ ይሁን፣ ሻንጣ ውስጥ አይግባ። ታሊቱንና ተፊሊኑንም (የጸሎት መጎናጸፊያውንና ማሰሪያውን) እንዲሁ።

ታደለች (ቤር ሸቫ)፦

ዳንኤል ወንድሜ፣ በአንተ የደረሰው ያሳዝናል። ግን እኔ የማስታውሰው ሻባቱን ነው! ሌላውን ቀን ባለቤቴ ፎቶ ሲያነሳ ነው የዋለው። ሻባት ስልኩ ተዘጋና አወራን።

ካደራችሁ ግን ዝግጅቱ ከመከራየታችሁ በፊት ይጀመር። በሩ በብረት ቁልፍ የሚዘጋ መሆኑን ጠይቂ፤ ትንንሾቹ ቤቶች ብዙዎቹ እንደዚያ ናቸው። ውጭ መብራቱ ሰው ሲያልፍ በራሱ የሚበራ ከሆነ አርብ እንዲያጠፉት ንገሪ። ፍሪጁ ውስጥ ያለችውን የመብራት ቁልፍ በፕላስተር ለጥፊያት። ዙሪያውን ታጥሮ ለእናንተ ብቻ የሆነ ግቢ ቢሆን ደግሞ ዕቃ ከቤት ወደ ግቢ ማውጣቱ ይቀልላችኋል፤ ከአጥር ውጭ ግን ዔሩቭ (በሻባት ዕቃ መያዝ የሚያስችል የተከለለ ቦታ) የለም፤ ቁልፉን እንኳ ይዞ ባሕር ዳር መሄድ አይሆንም። ፕላታ (የሻባት ምግብ ማሞቂያ) ከያዛችሁ ሶኬታቸው ሦስት አራት ማዕዘን ቀዳዳ ያለው የእንግሊዞቹ ነው፤ ማስተካከያ ያዙ። መብራት ይጠፋል፤ ምግቡን ቀዝቅዞ የሚበላ አድርጊው።

ዳቦውን እኔ እዚያው ጋገርሁ። ድስት ውስጥ አድርጌ፣ ከላይም ከታችም ፍም። ልክ እንደ ድፎ። የወይን ጭማቂ ከቤት ይዘን ነበር።

ሰዓቱ ደግሞ ያስቃል። ጥር ላይ እዚያ ጀምበር የምትጠልቀው ከምሽቱ 12 ሰዓት ከ45 ገደማ ነው። ነታንያ በጥር ሻባት ከ10 ሰዓት በኋላ ሩጫ ነው፤ እዚያ ግን አርብ ከሰዓት ሙሉ የራስሽ ነው። ከጠለቀች በኋላ ግን ቶሎ ይጨልማል፤ ሻማውን አታዘግዪ። ስዋሂሊዎቹ ሰዓት የሚቆጥሩት እንደኛ መሆኑንስ ታውቂያለሽ? ሹፌሩ «ሳ ምቢሊ» ሲል ሁለት ሰዓት ማለቱ ነው፤ የጠዋቱ ሁለት፣ ፈረንጅ ስምንት የሚለው። እኔ ወዲያው ገባኝ። ባለቤቴ እስራኤል ነው የተወለደው፤ ከሰዓት በኋላ ሁለት መስሎት ተኝቶ ሹፌሩ በር አንኳኳበት።

ስለ ልብስ አትጨነቂ። ሕዝቡ አብዛኛው ሙስሊም ነው፤ ሴቶቹ ተሸፍነው ነው የሚሄዱት፤ ከተማ ውስጥ ትከሻና ጉልበት መሸፈን የተለመደ ነው። ረጅም ቀሚስሽና ሻሽሽ ከማንም በላይ ያስከብርሻል። ካንጋ የሚባል ጨርቅ ገዝተሽ አገልድሚ። መዋኘቱን ደግሞ ማለዳ፣ ሰው ሳይወጣ። ገንዘብ ካላችሁ ትንሽ ገንዳ ያለው ቤት ተከራዩ።

እማማ ዘውዲቱ (ቂርያት ጋት)፦

ብርቱካን ልጄ፣ በሚቅቬው ምን ያሳፍርሻል? እኛ ጎንደር ገጠር ሳለን ሚቅቬ የሚባል ቤት መች ነበረን? ወንዝ ነበረን። ሰባቱን ቀን በመርገም ጎጆ ተቀምጠን፣ ወንዝ ወርደን ጠልቀን ነው ወደ ቤት የምንገባው። መንደር ሲቆረቆር ወንዝ ዳር የሚቆረቆረው ለዚህም ነበር። ክረምት ወንዙ ሞልቶ ሲያገሳ የፈራሁትን ፍርሃት እስከዛሬ አልረሳውም። እናቴ ነጠላዋን ወገቤ ላይ አስራ ጫፉን ይዛ ትቆም ነበር።

ባሕር በሕጉ ሚቅቬ ነው። ግን የሌሊት ባሕር እንደ ገንዳ አይደለም። ብቻሽን እንዳትገቢ። ሴት ከሌለ ባልሽ ይቁም፤ እንዴት እንደሚሆን፣ ሰፊ ልብስ ለብሶ መጥለቅም ይቻል እንደሆነ፣ ከመሄድሽ በፊት ባላኒቷን (የሚቅቬ ኃላፊዋን) ወይም ራቢያችሁን ጠይቂ። ዝግጅቱን፣ ጥፍሩንም ጸጉሩንም፣ ቤት ሳለሽ ጀምሪ፤ እዚያ ውኃው ይጠፋ ይሆናል። ቀኑን ከመግፋት ጉዞውን መግፋት ይሻላል፤ ይሄን ለባልሽም ንገሪው።

ታደለች (ቤር ሸቫ)፦

እማማ፣ እጅዎን ይባርክ። እኔ አንድ ልጨምር፤ ሰው የማይነግራችሁ ነገር ነው። የዛንዚባር ባሕር ይሸሻል። በምሥራቁ ዳር፣ ፓጄና ጃምቢያኒ በሚባሉት፣ ውኃው ሲሸሽ በጣም ርቆ ይሄዳል፤ ጭቃና ድንጋይ ብቻ ይቀራል። ወገብ የሚደርስ ውኃ ለማግኘት በጨለማ ስትሄጂ ልትቆዪ ነው። ጨረቃ ስትሞላና አዲስ ስትወጣ ደግሞ ይብሳል። ሰሜን፣ ኑንግዊና ኬንድዋ ግን ቀኑን ሙሉ ይዋኛል። ለአንቺ ሰሜን ነው። የእሾህ ክምር የመሰለ የባሕር ጃርትም አለ፤ ለዋና ጫማ ይደረጋል፤ ለሚቅቬው መጥለቅ ግን ጫማ አይሆንም። ስለዚህ አሸዋማ የሆነውን ቦታ ቀን ላይ መርጠሽ፣ ገብተሽ ሞክረሽ፣ ምልክት አድርጊበት።

ሰሎሞን (አሽዶድ)፦

ወረቀቱን እኔ ልጻፈው። ቪዛ 50 ዶላር፤ በኢንተርኔት ቀድማችሁ ጨርሱ። ዛንዚባር ከኦክቶበር 2024 ጀምሮ የራሷን ኢንሹራንስ ታስገዛለች፤ በሰው 44 ዶላር፤ ከእስራኤል የገዛችሁት አይተካውም። አዲስ አበባ ዘመድ ልጠይቅ ብላችሁ ከ12 ሰዓት በላይ ከቆያችሁ የቢጫ ወባ ካርድ ትጠየቃላችሁ፤ ክትባቱ ደግሞ ከ10 ቀን በፊት መወሰድ አለበት። ስለ ወባ መድኃኒት የመንገደኞች ክሊኒክ ጠይቁ። የብሔራዊ ደኅንነት ምክር ቤቱን የጉዞ ማስጠንቀቂያ ሳታዩ ትኬት አትቁረጡ። ባልሽ ኪፓው (የአይሁድ ቆቡ) ላይ ኮፍያ ይድረብ፤ ፀሐይም ስላለ ማንም አይጠይቀውም።

ወቅቱ ጥሩ ነው። ከማርች እስከ ሜይ ትልቁ ዝናብ ነው፤ ከሲግድ በዓል (ኖቬምበር) አካባቢ ጀምሮም ትንሹ ዝናብ አለ። ጥር ይሞቃል ግን ደረቅ ነው።

ብርቱካን (ነታንያ)፦

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የሻባቱን ክርክር እናቴ ዘጋችው። «እሑድ ሂዱ፣ ሐሙስ ኑ፤ ሻባት አራት ልጅ ብቻዬን አልይዝም» አለች። ስለዚህ እሑድ እንሄዳለን፤ ሐሙስ ጠዋት እንነሣለን። ታደለች፣ ሻባቱን ለ20ኛው ዓመት አቆየሁት። ሌሊቱ ማክሰኞ ላይ ይውላል፤ ኬንድዋ አጠገብ አጥር ያለው ቤት አግኝተናል፤ የብረት ቁልፍ ነው፤ ጠይቄያለሁ። ባላኒቷንም ነገ አገኛታለሁ።

የቀረኝ ድርቆሽ ብቻ ነው። እናቴ እንጀራ ከሱቅ መግዛት ከጀመረች ቆየች፤ ያ ደግሞ ሲደርቅ ዱቄት ይሆናል። ማን ይሸጣል?

እማማ ዘውዲቱ (ቂርያት ጋት)፦

ይሸጣል ትላለች ደግሞ። አርብ የተረፈኝን እንጀራ ሰገነት ላይ አስጥቼዋለሁ። ባልሽን ረቡዕ ላኪው፤ የጨርቅ ከረጢት ይዞ ይምጣ።