ዋርዴር አካባቢ ያየሁት ቢጫ አበባ ያለው ቁጥቋጦ ምንድነው? ድሬዳዋስ ይበቅላል?

ቆላ ወዳድ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ለሥራ ሶማሌ ክልል፣ ዶሎ ዞን ሄጄ ነበር። በጋው ሁሉን ነገር አድርቆት አንድ ቁጥቋጦ ብቻ ቅጠሉ ሳይረግፍ አረንጓዴ ሆኖ ቆሟል። ቁመቱ ከሰው ብዙም አይበልጥም፣ ጫፍ ጫፉ ላይ ቢጫ አበባ አለው፣ የቆመበት አፈር ቀይ አሸዋ ነው። ቅጠሉን ሳሸው ጣቶቼ ቀሉ፤ ባጥበውም ቶሎ አልለቀቀኝም። ፍሬው ይበላል አሉኝ። ስሙን የሚያውቅ አለ? ድሬዳዋ ግቢዬ ብተክለውስ?

አፈርና ሥር፦
እጅህን ካቀላው ይሂብ ነው፣ አትጠራጠር። ሳይንሳዊ ስሙ ኮርዶክሲያ ኤዱሊስ። ቅጠሉን ገልብጠህ ብታየው ጥቃቅን ቀይ ነጠብጣቦች አሉት፣ ቀለሙ ከእነሱ ነው የሚወጣው። በጣም የሚገርመው ደግሞ ቅጠሉን አዘውትረው የሚበሉ ፍየሎች አጥንታቸው ሳይቀር ይቀላል! ከባቄላና ከአተር ቤተሰብ ነው፤ በራሱ ወገን ውስጥ ግን ሌላ ዝርያ የለም፣ ብቻውን ነው። በተፈጥሮ የሚበቅለውም እዚያው ምሥራቁ ጫፋችንና ሶማሊያ ውስጥ ነው። ለመጥፋት ከተጋለጡ ዕፅዋት መዝገብ ውስጥ መግባቱን ሳስብ ያመኛል።

የዶሎ ልጅ፦
ትክክል ነው፣ ይሂብ ነው። እኛ ጋ ፍሬውን ጥሬውንም፣ ቀቅለንም፣ ቆልተንም እንበላዋለን። ይጣፍጣል፣ የተቀቀለበት ውሃ ራሱ ጣፋጭ ስለሆነ ይጠጣል። በበጋ ሳሩ ሲያልቅ ግመሉም ፍየሉም ፊቱን ወደ እሱ ነው የሚያዞረው፣ እንጨቱ ደግሞ እርጥቡም ይነዳል፣ ስለዚህ ሰውም ከብትም ከላዩ አይወርድም። ትልልቆቹ ቁጥቋጦዎች ይችሉታል። ችግሩ ልጆቻቸው ናቸው። ፍሬው ገና መሬት ሳይነካ ይለቀማል፣ ዕድል ቀንቶት የበቀለውን ደግሞ ፍየል ይቀጥፈዋል። አሮጌው ሲሞት የሚተካው የለም ማለት ነው።

ችግኝ ቤት፦
ወንድሜ፣ ድሬዳዋ ሙቀቱ አያስቸግርህም፣ ይሂብ የማይወደው ብርድን ነው። የምፈራልህ ሌላ ነገር ነው። ዘሩ ቶሎ ይሞታል፣ በጥቂት ወራት ውስጥ የመብቀል አቅሙን ያጣል፣ ነቀዝም ይወደዋል። ሰዎች እንዳይነቅዝባቸው ቀቅለው ወይም ቆልተው ስለሚያስቀምጡት ከገበያ ለመብል የተገዛ ፍሬ ዘርተህ ወር ሙሉ ብትጠብቅ ላይወጣልህ ይችላል፤ ትኩስና ጥሬ መሆኑን አረጋግጥ።

ሁለተኛ፣ በአጭር የችግኝ ፕላስቲክ አትጀምረው። መጀመሪያ የሚያሳድገው ሥሩን ነው። ያደገው ቁጥቋጦ ዋና ሥር ወደ 3 ሜትር ይወርዳል፣ ድርቁን የሚችለውም በዚህ ነው። ሥሩ ፕላስቲኩ ውስጥ ከተጠማዘዘ ወይም ስታዛውረው ከተቆረጠ አለቀ። ስለዚህ እዚያው በሚቆይበት ቦታ ዝራው፣ አፈሩ ከባድ ከሆነ አሸዋ ቀላቅልበት፣ ውሃ አታብዛ። ከላይ ሲታይ እድገቱ ቀርፋፋ ነው። ቆሟል ብለህ እንዳትነቅለው።

ቆላ ወዳድ፦
እግዜር ይስጥልኝ፣ ሁላችሁንም። ቀጥታ መሬት ላይ እዘራዋለሁ፣ ፍየል እንዳይደርስበትም አጥራለሁ። ትኩሱን ዘር መቼ ነው የማገኘው?

የዶሎ ልጅ፦
ዝናብ ከጣለ በኋላ ፍሬው ሲደርስ ነው። ግን አደራህን፣ የአካባቢውን አርብቶ አደሮች ሳትጠይቅ አትልቀም፣ እነሱ ቁጥቋጦ በቁጥቋጦ ያውቁታል። ለግቢ እፍኝ ይበቃሃል። ከአንዱ ሥር ጨርሰህ አትውሰድ፣ ከብዙዎቹ ጥቂት ጥቂት አንሳ። ከቻልክ ደግሞ ከለቀምከው ላይ ጥቂቱን እዚያው፣ እሾህ ካለው ቁጥቋጦ ሥር ቅበረው። እሾሁ ከፍየል ይከልልለታል።