አፖማቶክስ ስሄድ የትኛው ሰሌዳ ጋ ልቁም?

ጠያቂ፦ ሰላም ጎበዝ! ቅዳሜ ከአሌክሳንድሪያ ወደ አፖማቶክስ ካውንቲ ልንነዳ ነው። ቨርጂኒያ መንገድ ዳር ያ ብርማ የታሪክ ሰሌዳ በየቦታው ተተክሏል፤ ሁሉም ጋ ከቆምኩ ይመሽብኛል። የቱ አያምልጠኝ?

መንገደኛው፦ የማክሊን ቤት ነዋ! በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት የደቡቡ ጦር አዛዥ ጄኔራል ሊ ለሰሜኑ አዛዥ ለግራንት እጁን የሰጠው እዚያ ሳሎን ውስጥ ነው፣ አፕሪል 9 ቀን 1865። ግን የምታየው ቤት እንደገና የተሠራ ነው። በ1893 ዋሽንግተን ወስደው ሙዚየም እናደርገዋለን ብለው አፈረሱት፣ ከዚያ ገንዘቡ አጠረና ጡቡም እንጨቱም ሜዳ ላይ ቀረ፣ አላፊ አግዳሚው ለማስታወሻ እያለ ወሰደው። የአሁኑ የ1940ዎቹ ሥራ ነው።

ሚሚ፦ ቤቱን ብቻ አይታችሁ እንዳትመለሱ። ትንሿ መቃብር ውስጥ 18 የደቡብ ወታደሮችና አንድ የሰሜን ወታደር አብረው ተቀብረዋል። እኔን አንጀቴን የበላችኝ ግን ሐና ሬይኖልድስ ናት። ባሪያ ነበረች፤ በመጨረሻው ውጊያ ቤት ውስጥ እያለች የመድፍ ጥይት መታት። ከሦስት ቀን በኋላ ሞተች፣ ያውም ደቡቦቹ ስለተሸነፉ ነፃ ሰው ሆና! ስለ ጄኔራሎቹ ሲወራ እሷን ማን ያነሳታል?

መንገደኛው፦ እውነትሽን ነው። ጠያቂ፣ ሰሌዳው አናት ላይ ፊደልና ቁጥር አለ፤ እሱን ፎቶ አንሳና ማታ ቤትህ ፈልገህ አንብበው። ጠባብ መንገድ ላይ ግን መኪና እንዳታቆም።