ጥቂት ለሚነዱ አሮጌ መኪኖች የሚቀርበው የጋራ የመድን ጥያቄ፦ በመጀመሪያው ረቂቅ ላይ የተደረገ የዕቅድ ውይይት

ጸሐፊ፦
የተከበራችሁ አባላት፣ ባለፈው ስብሰባ በወሰንነው መሠረት ለመድን ሰጪ ድርጅቶች በአሮጌ መኪና ባለቤቶች ማኅበራችን ስም የምናቀርበውን ጥያቄ አርቅቄያለሁ። ሐሳቡ አጭር ነው። አብዛኞቻችን ቮልስ፣ ሴይቼንቶ ወይም ፔጆ 404 ያለን ስንሆን፣ መኪኖቹን ከግቢ የምናወጣቸው ለበዓል፣ ለእሑድ ጠዋት ሽርሽርና ቦሎ ለማሳደስ ነው፤ በመሆኑም በየዕለቱ ሥራ ከሚያመላልስ መኪና ጋር እኩል አረቦን (የመድን ክፍያ) ልንከፍል አይገባም። ረቂቁ በዓመት ከ3,000 ኪሎሜትር በታች ለሚነዳ መኪና ቅናሽ እንዲደረግ ይጠይቃል። የሦስተኛ ወገን መድንን አልነካሁትም፤ በአዋጅ ቁጥር 799/2005 መሠረት መኪናው በዓመት ለአንድ ቀን ብቻ መንገድ ላይ ቢወጣም ግዴታ ስለሆነ፣ የምንደራደረው በራሳችን ንብረት ሽፋን ላይ ብቻ ነው።

አባል (ከካዛንችስ)፦
ጸሐፊያችን ስለደከሙበት አመሰግናለሁ፤ ነገር ግን ረቂቁ የሚጠይቀው ከሚያስፈልገን ያነሰ ይመስለኛል። የእኔ ቮልስ ከጥቂት ዓመታት በፊት በነሐሴ ዝናብ የጎረቤት ግንብ ሲደረመስበት ቆሞ ነበር እንጂ አልተነዳም። ሙሉ ሽፋን ነበረኝ፤ አረቦኑንም አንድ ዓመት አላሳለፍኩም። ሆኖም ገማቹ መኪናው ከተሠራበት ዓመት ተነሥቶ በየዓመቱ እየቀነሰ ሲመጣ የደረሰበት ዋጋ ጣሪያውንና የፊት መስታወቱን እንኳ የማያስጠግን ስለነበር፣ «ጥገናው ከመኪናው ዋጋ ይበልጣል» ተብዬ የተሰጠኝ ገንዘብ ለባቱላሜራ ባለሙያው ቀብድ ብቻ ሆነ። አረቦኑ በግማሽ ቢቀነስልኝ ኖሮ ያ ቀን ምን ይለወጥ ነበር? ቅናሹ ሁለተኛ ጉዳይ ሆኖ፣ የመኪናው ዋጋ አስቀድሞ በስምምነት ተወስኖ በፖሊሲው (በመድን ውሉ) ላይ እንዲሰፍር መጠየቅ አለብን።

አባል (የሕግ ባለሙያ)፦
የካዛንችሷ እህታችን ያነሡት ትክክለኛው ነጥብ ነው፤ ይሁን እንጂ አጻጻፉ ጥንቃቄ ይፈልጋል። የ1952ቱ የንግድ ሕግ የመድን ክፍል በ2013ቱ አዲስ የንግድ ሕግ ስላልተተካ አሁንም ይሠራል፤ አንቀጽ 678ም የንብረት መድን የካሳ ውል እንደሆነና ካሳው አደጋው በደረሰበት ዕለት ንብረቱ ካለው ዋጋ ሊበልጥ እንደማይችል ይደነግጋል። ስለዚህ «ምንም ይሁን ምን ይህን ያህል ይከፈለን» ብለን ብንጽፍ የመጀመሪያው የሕግ ክፍል ባለሙያ ይመልስልናል። በሌላ በኩል፣ አረቦን ለመቆጠብ ብሎ ዋጋውን ዝቅ አድርጎ ማስመዝገብም ያስከፍላል። ለምሳሌ 600,000 ብር የሚያወጣ መኪና በ300,000 ብር መድን ቢገባና የ100,000 ብር ጉዳት ቢደርስበት፣ ባለንብረቱ የግማሹ አደጋ ራሱ ተሸካሚ ተደርጎ ስለሚቆጠር የሚከፈለው 50,000 ብር ይሆናል። መፍትሔው ሁለቱም ወገኖች የሚቀበሉት ገማች መኪናውን በየዓመቱ አይቶ፣ ግምቱ ከነፎቶግራፉ የውሉ አባሪ እንዲሆን ማድረግ ነው። ገማቹም የምርት ዘመን እየቆጠረ ከሚቀንስ ይልቅ የመኪናውን ይዞታ፣ የመለዋወጫውን መገኘትና ተመሳሳይ መኪና በእርግጥ የሚሸጥበትን ዋጋ እንዲመለከት በግልጽ ይጻፍ። የነዳጅ አውቶሞቢል ወደ አገር ማስገባት በ2016 ከተከለከለ ወዲህ «ከውጭ ሌላ አምጡ» የሚባልበት በር ስለተዘጋ ክርክራችን ጠንክሯል።

የቴክኒክ ኮሚቴ አባል፦
ኪሎሜትርን በተመለከተ አንድ የማያስደስት ነገር ልናገር። የቮልስ ኪሎሜትር ቆጣሪ ባለ አምስት አኃዝ ስለሆነ 99,999 ላይ ሲደርስ ወደ ዜሮ ይመለሳል፤ የሚንቀሳቀሰውም ከግራ የፊት ጎማ በሚነሣ ኬብል ነው፤ ኬብሉ ከተበጠሰ መኪናው ሐዋሳ ደርሶ ቢመለስም ቁጥሩ ንቅንቅ አይልም። ባለፈው ፍተሻችን ስንቶቻችን የሚሠራ ቆጣሪ እንዳለን ታውቁታላችሁ። በማይቆጥር ቆጣሪ ቅናሽ ከጠየቅን ታማኝነታችንን በገዛ እጃችን እናጣለን።

ከዚያ ይልቅ የቆመ መኪና ስለሚገጥመው አደጋ እናስረዳ። ቮልስ ባትሪው ከኋላ መቀመጫ ሥር ነው፤ የመቀመጫው ሽቦ ሲረግብ የባትሪውን ጫፍ ነክቶ ብልጭታ ሊፈጥር ይችላል። ከካርቡሬተሩ ጋር የሚገናኘው የጎማ ቱቦም ለወራት ሲቆም ይደርቅና ይሰነጠቃል፤ ቤንዚኑ የሚንጠባጠበው በጋለው ሞተር ላይ ነው። ብዙ ቮልስ የሚቃጠለው ከረጅም ዕረፍት በኋላ ሲነሣ መሆኑን መካኒኮቻችን ይመሰክራሉ። እንግዲህ እኛም ግዴታ እንግባ፦ መኪናው ሲቆም ባትሪው ይፈታል፤ በባትሪው ላይም ክዳን ይደረጋል፤ የነዳጅ ቱቦ በየሁለት ዓመቱ ይቀየራል፤ እሳት ማጥፊያም በቅርብ ይቀመጣል። መድን ሰጪ የሚሰማው ይህን ነው።

አባል (ከለንደን)፦
ዳትሰኔ አዲስ አበባ፣ ወንድሜ ግቢ ስለምትገኝ ጉዳዩ ይመለከተኛል። እዚህ ለአሮጌ መኪና የሚሸጠው ፖሊሲ በአብዛኛው በስምምነት ዋጋ ላይ የቆመ ሲሆን፣ በምላሹ ባለቤቱ ለዕለት ተዕለት የሚነዳው ሌላ መኪና እንዳለውና አሮጌውን ሌሊት ጋራዥ ውስጥ እንደሚያሳድር ይጠየቃል። የሌላ መኪና መኖር ከኪሎሜትር ቆጣሪ የተሻለ ማስረጃ ነው፤ የሁለቱንም ሊብሬ ማሳየት በቂ ይመስለኛል።

አባል (ከቢሾፍቱ)፦
ማንም ያላነሣውን ላንሣ። እኔን ጨምሮ አንዳንዶቻችን መኪናችንን ለሠርግና ለማስታወቂያ ቀረጻ እናከራያለን። መኪናው በግል አገልግሎት ተመዝግቦ ሙሽራ ሲያመላልስ ጉዳት ቢደርስበት ካሳው ያጠያይቃል፤ ከታወቀ ደግሞ የማኅበሩ ስም ይነካል። ወይ ለኪራይ ቀናት የተለየ ተጨማሪ ሽፋን እንጠይቅ፣ ወይ አከራዮቹ ከዚህ ጥያቄ እንውጣ።

አንጋፋ አባል፦
ልጆቼ፣ በረቂቁ መግቢያ ላይ ስለ ቮልስ ታሪክ ትንሽ ቢጨመር ምን ይመስላችኋል? መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ከቤተ መንግሥት የተወሰዱት በቮልስ ነበር። የአገር ታሪክ የተሳፈረበትን መኪና እንደ ቁርጥራጭ ብረት ከመገመት ይታቀቡ ይሆናል።

ጸሐፊ፦
ጋሼ፣ ለዐውደ ርእያችን በራሪ ጽሑፍ አስቀምጬዋለሁ፤ ለመድን ሰጪው ግን የቱቦውና የባትሪው ነገር ይበልጥ ይገባዋል። ከውይይቱ በመነሣት ዋናውን አንቀጽ እንደሚከተለው ለውጬዋለሁ፦

«ይህ ሽፋን ዕድሜው 30 ዓመትና ከዚያ በላይ ለሆነ፣ እንደ ጥንቱ ተጠብቆ ለተያዘና ለዕለት ተዕለት ጉዞ ለማይውል መኪና ሲሆን፣ ባለንብረቱ ሌላ መኪና ያለው መሆኑን በሊብሬ ያረጋግጣል። የመኪናው ዋጋ ሁለቱም ወገኖች በተስማሙበት ገማች በየዓመቱ ተገምቶ ከውሉ ጋር ይያያዛል። መኪናው ቆሞ ሳለ ለሚደርስ ቃጠሎ፣ ስርቆት፣ ጎርፍና የግንብ መደርመስ ሽፋኑ ዓመቱን ሙሉ የጸና ሲሆን፣ የመንዳት አደጋ ሽፋን አረቦን መኪናው እምብዛም የማይነዳ መሆኑን ታሳቢ አድርጎ ይተመናል። ለኪራይ የሚውልባቸው ቀናት አስቀድመው ተገልጸው ተጨማሪ አረቦን ይከፈልባቸዋል።»

የ30 ዓመቱን መስፈርት የወሰድኩት ከዓለም አቀፉ የጥንታውያን ተሽከርካሪዎች ፌዴሬሽን ትርጓሜ ነው። የ3,000 ኪሎሜትሩን ገደብ አውጥቼዋለሁ። ያልተቋጨው የገማቹን ክፍያ ማን ይሸፍናል የሚለው ነው፤ እኔ ማኅበሩ ቢከፍል እመርጣለሁ፤ ምክንያቱም በአንድ ቀን አሥር መኪና በአንድ ግቢ ቢታይ ወጪው ይቀንሳል። የቢሾፍቱው ወንድማችን ግቢያቸውን ለዚህ ይፈቅዱልን እንደሆነ ቢገልጹልን፣ የቴክኒክ ኮሚቴውም በዚያው ዕለት ቱቦና ባትሪ ይፈትሻል።

አባል (ከቢሾፍቱ)፦
ግቢው ክፍት ነው። አሥራ ሁለት መኪና ይይዛል፤ ነገር ግን መግቢያው ጠባብ ስለሆነ ፔጆዎቹ ቀድመው ይግቡ።