ገና የሚበሩት ጥምዝ አምፖሎች ዛሬውኑ ከቤት ይውጡ ወይስ ዕድሜያቸውን ይጨርሱ?

አወያይ፦ ለክርክር የቀረበው ጥያቄ በብዙ ቤት ጣሪያ ላይ ተሰቅሎ ይገኛል። ኃይል ቆጣቢ በሚል ስም የለመድነው፣ ቱቦው የተጠማዘዘ ነጭ አምፖል በውስጡ ጥቂት ሜርኩሪ፣ ማለትም በአማርኛ ባዜቃ የምንለውን ፈሳሽ ብረት ይይዛል። ሜርኩሪን ለመቆጣጠር የተደረገው ዓለም አቀፍ የሚናማታ ስምምነት አባል አገሮች እ.ኤ.አ. በ2022 ባሊ ላይ ባደረጉት ጉባኤ፣ ከ30 ዋት የማይበልጡት እነዚህ አምፖሎች ከ2025 በኋላ እንዳይመረቱና በአገሮች መካከል እንዳይሸጡ ወስነዋል። ውሳኔው ምርትንና ንግድን እንጂ ቤት ውስጥ ተሰቅለው የሚበሩትን አይመለከትም። እንግዲህ ገና የሚሠሩትን ዛሬውኑ አውርደን ሜርኩሪ በሌለው የኤልኢዲ አምፖል እንተካቸው ወይስ እስኪቃጠሉ እንጠቀምባቸው? እያንዳንዱ ተናጋሪ አቋሙን ከነምክንያቱ ያቅርብ።

የሁለት ልጆች እናት፦ እኔ ዛሬውኑ ይውጡ ከሚሉት ወገን ነኝ። ከጥቂት ወራት በፊት ታናሹ ልጄ በወረወረው ኳስ የጠረጴዛ መብራታችን ወደቀና አምፖሉ ምንጣፉ ላይ ተሰባበረ። እንደማንኛውም የተሰበረ ብርጭቆ ቆጥሬ ትልልቁን ስብርባሪ በመጥረጊያ ሰበሰብሁ፤ በምንጣፉ ጸጉር ውስጥ የቀረውን ዱቄት መሳይ ነጭ ነገር ደግሞ በቫኪውም ሳብሁት። ይህን ሁሉ ሳደርግ መስኮቱ ዝግ ነበር፤ ልጆቹም አጠገቤ ቁጢጥ ብለው ይመለከቱኝ ነበር። ማታ ላይ የአምፖሉን ካርቶን ፈልጌ በደቃቅ ፊደል የተጻፈውን ሳነብ፣ አታድርጉ የተባለውን አንድ በአንድ ማድረጌን ተረዳሁ። ሲሰበር ልጆችን ከክፍል ማስወጣት የሚጠይቅ ዕቃ በልጆች ክፍል ውስጥ ምን ይሠራል?

የኬሚስትሪ መምህር፦ እህቴ፣ ድንጋጤዎን እረዳለሁ፤ ሆኖም መጠኑን ሳንመዝን ፍርድ መስጠት የለብንም። አንድ ጥምዝ አምፖል የሚይዘው ሜርኩሪ በአማካይ 4 ሚሊግራም ገደማ ሲሆን፣ ትኩሳት እንለካበት የነበረው አሮጌው የብርጭቆ ቴርሞሜትር ግን 500 ሚሊግራም ያህል ይይዝ ነበር። የአንዱ ቴርሞሜትር ሜርኩሪ ከመቶ ለሚበልጡ አምፖሎች ይበቃ ነበር ማለት ነው። ከዚህም ሌላ አምፖሉ በተሰበረበት ቅጽበት ሁሉም ሜርኩሪ ተንኖ አየር ውስጥ አይገባም፤ አብዛኛው በዱቄቱና በስብርባሪው ላይ ተጣብቆ ይቀርና ቀስ በቀስ ይተናል። እንዲህ ያለው አደጋ አንድ ጊዜ ቢደርስ ልጆችዎ ተመረዙ የሚያሰኝ አይደለም።

ስህተቱ ቫኪውሙ ላይ ነው፤ ምክንያቱን ማወቅ ደግሞ ይጠቅማል። ቫኪውም ዱቄቱን በማጣሪያው አሳልፎ ከሞቀ አየር ጋር መልሶ ክፍሉ ውስጥ ይበትነዋል፤ ከዚያ በኋላም ማሽኑ ራሱ የተበከለ ዕቃ ይሆናል። የአሜሪካዋ ሜይን ግዛት የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት እ.ኤ.አ. በ2008 ይፋ ያደረገው ጥናትም፣ ለዓይን ንጹሕ የሚመስል ምንጣፍ ሜርኩሪ ሊይዝ እንደሚችልና ሲነካካ ወይም በቫኪውም ሲጠረግ ትነቱ እንደገና እንደሚነሣ አሳይቷል። ትክክለኛው አሠራር ሰዎችንና የቤት እንስሳትን ማስወጣት፣ መስኮት ከፍቶ ከ5 እስከ 10 ደቂቃ ማናፈስ፣ ስብርባሪውን በወፍራም ወረቀት ማፈስ፣ ደቃቁን በፕላስተር እያጣበቁ ማንሣት፣ በመጨረሻም ወለሉን በእርጥብ ወረቀት ጠርጎ ሁሉንም ክዳኑ በሚገጥም የብርጭቆ ዕቃ ማሸግ ነው። ይህን የሚያውቅ ቤተሰብ ያልተቃጠለ አምፖል አውርዶ የሚጥልበት ምክንያት አይታየኝም።

የቢጫ አምፖል ወዳጅ፦ መምህር፣ ይህን ሁሉ ሥርዓት ለአንድ አምፖል ሲዘረዝሩ ክርክሩን ለእኔ እያሸነፉልኝ ነው። የድሮው ባለ ሽቦ አምፖል ሲሰበር መጥረጊያና ጫማ ብቻ ይበቃን ነበር። ብርሃኑም ለዓይን ይመች ነበር፤ ገና ሲበራ ሙሉ ነው፣ ምግብም ሆነ የሰው ፊት በተፈጥሮ ቀለሙ ይታይበታል። ቆጣቢ የተባለው ግን ለመሞቅ ደቂቃ ይፈልጋል፤ በብርድ ጊዜ ይደበዝዛል፤ መታጠቢያ ቤት ውስጥ በየደቂቃው ሲበራና ሲጠፋ ደግሞ ካርቶኑ ላይ የተጻፈለትን ዕድሜ እንኳ ሳያጋምስ ይቃጠላል።

የኬሚስትሪ መምህር፦ የመጨረሻው ነጥብዎ እውነት ነው። በተበራ ቁጥር የቱቦው ጫፍ ላይ ያለው ማቀጣጠያ ስለሚበላ፣ ለጥቂት ደቂቃ ብቻ በሚበራበት ቦታ መስቀል ስህተት ነበር። ወደ ድሮው መመለስ ግን መፍትሔ አይሆንም። ያ አምፖል ከሚወስደው ኃይል ከ90 በመቶ በላይ የሚሆነውን ወደ ሙቀት የሚለውጥ ምድጃ ነው፤ መጋረጃ ወይም የመብራት ጨርቅ ቢነካው ሊያቃጥል ይችላል። ባለ 60 ዋቱን ቢጫ አምፖል በ14 ዋት ቆጣቢ ተክቶ በቀን 5 ሰዓት የሚያበራ ቤት በዓመት 84 ኪሎ ዋት ሰዓት ገደማ ያተርፋል። ሜርኩሪውን በተመለከተም፣ የድንጋይ ከሰል ሲቃጠል ሜርኩሪ ወደ አየር ስለሚለቀቅ፣ ብዙ ኃይል የሚበላው አምፖል በተዘዋዋሪ ሜርኩሪ ይተፋል።

የቢጫ አምፖል ወዳጅ፦ ያ ክርክር የሚሠራው ኤሌክትሪኩ ከድንጋይ ከሰል ሲመጣ ነው። ኃይሉ ከግድብ ወይም ከነፋስ በሚገኝበት ቦታ ሜርኩሪው ያለው አምፖሉ ውስጥ ብቻ ነው።

የኬሚስትሪ መምህር፦ ልክ ነዎት፤ ከሌላ ቦታ የተዋስሁትን ምክንያት ለሁሉም እንደሚሠራ አድርጌ አቅርቤዋለሁ።

የሉፐስ ታማሚ፦ ያለብኝ ሉፐስ ሰውነት ራሱን የሚያጠቃበትና ቆዳን በብርሃን ሊያስቆጣ የሚችል ሕመም ነው። እስካሁን የተነጋገራችሁት ስለሚሰበር አምፖል ነው፤ እኔን የሚያሳስበኝ ግን ሳይሰበር የሚያበራው ነው። በቱቦው ውስጥ ያለው የሜርኩሪ ተን መጀመሪያ የሚያመነጨው ለዓይን የማይታይ አልትራቫዮሌት ጨረር ሲሆን፣ ወደ ነጭ ብርሃን የሚለውጠው የቱቦው ውስጠኛ ገጽ የተቀባው ዱቄት ነው። ቱቦው ሲጠማዘዝ ያ ቅብ በየቦታው ስለሚሰነጠቅ ጥቂት ጨረር ያመልጣል። የብሪታንያ የጤና ጥበቃ ኤጀንሲ እ.ኤ.አ. በ2008፣ ቱቦው ያልተሸፈነ አምፖል ከ30 ሴንቲሜትር ባነሰ ርቀት በቀን ከአንድ ሰዓት በላይ አጠገብ አድርጎ መሥራት እንደማይገባ መክሮ ነበር። ጣሪያ ላይ ያለው ለጤነኛ ሰው አያሰጋም፤ ቆዳው በብርሃን ለሚቆጣ እንደ እኔ ላለ ሰው ግን የማንበቢያ መብራት ላይ የተሰካው ችግር ነው። በሁለተኛ ብርጭቆ ውስጥ የታሸገውና ድፍን ኳስ የሚመስለው ዓይነት ይሻላል፤ ብርጭቆው የሚያመልጠውን ጨረር በእጅጉ ይቀንሰዋል።

ኤሌክትሪሺያን፦ በሥራዬ የማያቸውን አምፖሎች ልመስክር። ለጥገና ስጠራ የተሰበረ ቱቦ ብዙም አይገጥመኝም፤ የሚገጥመኝ የጠቆረ እግር ነው። የእያንዳንዱ ጥምዝ አምፖል ፕላስቲክ እግር ውስጥ ትንሽ የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ አለ፤ አምፖሉ ዕድሜው ሲያልቅ እዚያ ውስጥ ያለው አካል ይቃጠልና የፕላስቲክ ሽታ፣ አንዳንዴም ቀጭን ጭስ ያወጣል። በደንብ የተሠራው በዚያው ይጠፋል፤ ርካሹና ደረጃውን ያልጠበቀው ግን እግሩ ቀልጦ ከመያዣው ጋር ተጣብቆ አግኝቼው አውቃለሁ። ድፍን የብርጭቆ ሽፋን ባለው መብራት ውስጥ ሲታፈን ወይም ብርሃን በሚቀንስ ማብሪያ ላይ ሲሰካ ጉዳቱ ይፋጠናል። ስለዚህ ሽታ ያለው፣ የሚንሿሿ ወይም እግሩ ቡናማ የሆነ አምፖል ዛሬውኑ ይውጣ፤ በዚህ ክርክር የለኝም። ጤነኛው ግን ክፍት በሆነ የጣሪያ መያዣ ላይ ቢቀር ቅር አይለኝም፤ 14 ዋቱን በ9 ዋት ኤልኢዲ መተካት በዚያው በ5 ሰዓት ስሌት በዓመት የሚያተርፈው 9 ኪሎ ዋት ሰዓት ብቻ ነው።

ኤልኢዲን እንከን የለሽ አድርገን አንይ ለማለትም ያህል፣ እርሱም በእግሩ ውስጥ ሰሌዳ አለው፤ በታፈነ መብራት ውስጥም ይሞቃል። ርካሹ ደግሞ በስልክ ካሜራ ሲታይ ጥቁር መስመር እስኪሠራ ድረስ ይርገበገባል፤ አንዳንድ ሰው ራሴን አመመኝ የሚለው ወዶ አይደለም።

የቢጫ አምፖል ወዳጅ፦ ሰማያዊ ብርሃኑንስ ለምን ዘለሉት?

ኤሌክትሪሺያን፦ አልዘለልሁትም፤ በመጠኑ ላስቀምጠው። የአውሮፓ ኅብረት የሳይንስ ኮሚቴ እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣው አስተያየት፣ ኤልኢዲ በተለመደው አጠቃቀም ለጤነኛ ሰው ቀጥተኛ ጉዳት ማድረሱን የሚያሳይ ማስረጃ የለም ብሏል። ማታ ላይ ግን ነጭና ሰማያዊ የበዛበት ብርሃን እንቅልፍን ስለሚያዘገይ፣ ለመኝታ ቤት የብርሃን ቀለም በሚለካበት በኬልቪን 6500 የተጻፈበትን ትተው 2700 የሚለውን ይምረጡ። የሚወዱት ቢጫ ቀለም ያው ነው።

የሁለት ልጆች እናት፦ ሁለት ነገር ልጨምር። የመጀመሪያው ለመምህር ነው። የሚሠራ አምፖል መጣል ምክንያት የለውም ብለዋል፤ ነገር ግን ይህ አምፖል ዛሬም ሆነ ከሦስት ዓመት በኋላ ከቤቴ መውጣቱ አይቀርም፣ የሜርኩሪው መጠንም በመቆየቱ አይቀንስም። ልዩነቱ ሳይሰበር ይወጣል ወይስ ተሰብሮ የሚለው ነው። ኳስ በሚወረወርበት ክፍል የሚጨምረው አንድ ዓመት ሁሉ ለመሰበር የሚሰጠው ዕድል ነው። ሁለተኛው ጥያቄ ነው፤ በአንዱ ክፍል የሰቀልሁት ኤልኢዲ ማብሪያውን ካጠፋሁት በኋላም ሌሊቱን ሙሉ በስሱ ይበራል። ይህ የአምፖሉ ብልሽት ነው?

የኬሚስትሪ መምህር፦ ለመጀመሪያው መልስ የለኝም፤ በልጆች ክፍልና በጠረጴዛ መብራት ላይ አቋሜን ለውጫለሁ። የወረደው አምፖል ግን ከቤት ቆሻሻ ጋር አይጣል፤ መኪናው ውስጥ ወይም ክምሩ ላይ መሰበሩ አይቀርምና የሜርኩሪ ቆሻሻ የሚቀበል ቦታ እስኪገኝ በካርቶኑ ውስጥ ይቀመጥ። ቫኪውሙን በተመለከተ፣ ከረጢቱን አውጥተው ያሽጉት፤ ምንጣፉን በሚቀጥሉት ጥቂት ጊዜያት ሲጠርጉም መስኮቱን ክፍት ያድርጉ።

ኤሌክትሪሺያን፦ በስሱ የሚበራው አምፖል አልተበላሸም፤ ኤልኢዲ እጅግ በጥቂት ኃይል ስለሚበራ የድሮው አምፖል ይደብቀው የነበረውን አሳይቶዎታል። ማብሪያው ላይ ትንሽ የምልክት መብራት ካለ ምክንያቱ እርሱ ሊሆን ይችላል፤ ያም ጉዳት የለውም። ከሌለ ግን ማብሪያው ኃይል የሚያመጣውን ሽቦ (ፌዙን) ትቶ የመመለሻውን ሽቦ (ኒውትራሉን) እያቋረጠ እንደሆነ ይጠርጠሩ፤ እንደዚያ ከሆነ ማብሪያው ጠፍቶም መያዣው ላይ ኤሌክትሪክ አለ ማለት ነው፣ ጣት ቢነካው ይይዛል። ባለሙያ በመሞከሪያ እስኪያየው ድረስ ያንን አምፖል አይንኩት፤ የልጆቹን ክፍል አምፖል ሲያወርዱም ማብሪያውን ሳይሆን ዋናውን ማቋረጫ ያጥፉ፣ እስኪቀዘቅዝ ይጠብቁ፣ ከዚያ ቱቦውን ሳይጨብጡ ፕላስቲክ እግሩን ይዘው ያዙሩት።

የሁለት ልጆች እናት፦ ማብሪያው ላይ የምልክት መብራት የለም። እስኪታይ ድረስ ክፍሉን ዘግቼዋለሁ።